የካማላ ውሃ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ አይደለም፤ ያመሰግኑኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ስግደቱንና ጾሙን እችለዋለሁ፤ ስችለው ኖሬያለሁ። «ደግ አደረግሽ ልጄ» ቢሉኝ ግን ምን ይውጠኛል? እሱን ስፈራ ኃጢአቴን አዝዬ ከደብር ደብር ስዞር አረጀሁ። ከስማዳ ግሸን፣ ከግሸን ላሊበላ፣ በእግሬ። የሚያየኝ ሁሉ «እማማ ጥሩነሽ እንዴት ያሉ ጸሎተኛ ናቸው» ይላል። ጸሎተኛ አይደለሁም። ከአንድ ቤት የሸሸሁ ሴት ነኝ።

አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ ካህን ባትሆንም ግድ የለም። ብቻ አታመስግነኝ። አትዘንልኝም።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ባሌን ፈትቼ ከስማዳ ወደ ንፋስ መውጫ የወጣሁ ልጅ እግር ሴት ነበርኩ። መሬት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። አባቴ ለሀገራችን ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሠሩ ስለነበር ሰም ማቅለጥና ማድበልበል አውቃለሁ፤ እሱ ደግሞ ከተማ ላይ እንጀራ አይሆንም። ታዲያ ለተማሪ ቤቱ የህንድ መምህር መጡ። ሒሳብ ያስተምራሉ። ሚስታቸውንም ይዘው መጡ፤ ካማላ ትባላለች። ልብስ የምታጥብ፣ ቤት የምትጠርግ ሴት ሲፈልጉ ሰው እኔን ጠቆማቸውና ገባሁ።

ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ጠላኋት። ምን አድርጋኝ? ምንም። የማላውቀው ነገር ስለበዛባት ጠላኋት።

ገና ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። የንፋስ መውጫን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ በዚያ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ ከአናቷ ላይ ታፈሳለች። ከዚያ ጠጉሯ እንደረጠበ ደጃፉን ትጠርግና ነጭ ዱቄት በጣቶቿ መካከል እያንጠባጠበች መሬቱ ላይ ትሥላለች። አሁን ሳስበው በብራና መጽሐፍ አናት ላይ የሚሣለውን ሐረግ ይመስላል። ያኔ ግን ድግምት ነው አልኩ። መንገደኛውም ድግምት ነው አለና ደጃፉን ዞሮ ማለፍ ጀመረ። ዱቄቱን ጉንዳን እንዲበላው ብላ እንደምትሠራው ነግራኝ ነበር፤ የቀኑ የመጀመሪያ ምጽዋት ለትንሿ ፍጥረት ነው ብላ። ይህን ለማን ተናገርኩ? ለማንም። ድግምት ነው ሲሉ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ደስ ይለኝ ነበር።

ምንጭ ስንወርድ ሴቱ ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። በተለይ አልጋነሽ። አልጋነሽ ጎረቤታችን ናት፤ ጠላ ትሸጣለች፤ ምላሷ ከጠላዋ ይጠነክራል።

«ያቺ ህንድሽ ሥጋ አትበላም የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«እውነት ነው። እንቁላልም አትነካ።»

«ለፋሲካስ?»

«ፋሲካ የላቸውም።»

«አይ መከራ፤ ጾም ገብተው መውጫው ጠፋባቸው በይኛ።»

ሴቱ ሳቀ። እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ።

ምግብ የምታበስልበት ጓዳ አታስገባኝም ነበር። እኔ የቀዳሁትን ውሃ ለልብስና ለወለል ታደርገዋለች እንጂ አትጠጣውም፤ የምትጠጣውን ራሷ ወርዳ ትቀዳለች። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። እኔስ? እኔ ከእጇ እበላ ነበር? የበሰለውን ስትሰጠኝ እቀበልና ያልተባረከ ነው ብዬ ጓሮ ወስጄ ለውሻ እደፋዋለሁ። ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን እጅ እንጸየፋለን። የኔ ግን ሃይማኖት፣ የሷ ንቀት ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሚዛን ነበረኝ።

ከጓዳው ጥግ፣ በቅቤ ከምትነድ ትንሽ መብራት አጠገብ፣ የጭብጥ ያህል የመዳብ ገንቦ ነበረች። አፏ በጨርቅ ታስሮ በሰም ታሽጓል። ካማላ ማለዳ ማለዳ አበባ ታስቀምጥላታለች፣ መብራቱን ታዞርላታለች፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ ትሰግዳለች። ጣዖቷ ውስጧ አለ አልኩ።

አንድ የክረምት ቀን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎን መምህሩም ቤት ውለው ሳሉ፣ «እትዬ፣ ውስጧ ምንድን ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅኋት። ከመጣች ጀምሮ የቃረመቻት አማርኛ ነበረቻት፤ ወንዱንና ሴቱን ግን አትለይም።

«ውሃ ነው» አለች። «የጋንጋ ውሃ። እናት ነው ያመጣ።»

አማርኛዋ ሲያልቅባት መምህሩ ይጨምሩላታል፤ እንዲህ ነው የሰማሁት። በሀገራቸው ደቡብ ጫፍ፣ ባሕር በከበባት መሬት ላይ ራሜሽዋራም የሚባል መቅደስ አለ። ዓምዶቹ ረድፍ ረድፍ ቆመው ዓይን እስኪታክተው ይዘልቃሉ። ተሳላሚው መጀመሪያ ባሕር ይወርዳል፤ ከዚያ በመቅደሱ ቅጥር ውስጥ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል፤ በየጉድጓዱ በባልዲ እየተቀዳ በራሱ ላይ ይፈስስበታል። ልብሱ እንደረጠበ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሳለማል። ውስጥ ያለው ከአሸዋ የተሠራ ድንጋይ ነው። ሰው ሆኖ የተወለደው አምላካቸው በጦርነት አንድ ጨካኝ ንጉሥ ገድሎ ነበር፤ ንጉሡ ክፉ ቢሆንም ከካህን ዘር ነውና ደሙ ከበደው። ሚስቱ ከባሕሩ ዳር አሸዋ በእጇ አበጃጅታ ያንን ድንጋይ አቆመችለት፤ በፊቱም ወድቆ ከደሙ ነጻ።

«አምላክ ራሱ ንስሐ ገባ ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው።

«አዎን» አሉ መምህሩ። «እሱ ከገባ ማን ይቀራል?»

በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ። ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን ያመኛል።

መሳለሙ ግን በዚህ አያልቅም። የራሜሽዋራምን አሸዋ ይዞ ወደ ሰሜን፣ ጋንጋ ወደሚባለው ታላቅ ወንዝ ሄዶ መጨመር አለ። ከዚያ የጋንጋን ውሃ ይዞ ተመልሶ በዚያ ድንጋይ ላይ ማፍሰስ አለ። ያን ጊዜ ስለቱ ሞላ ይባላል። የካማላ እናት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ተስላ አሸዋውን አደረሰች፣ ውሃውን ቀዳች፣ ስትመለስ ግን መንገድ ላይ ታመመችና ቤቷ ደርሳ ሞተች። መቅደሱ ሳትደርስ። ገንቦዋን ለልጇ ሰጠቻት። ካማላም ሳታፈስሰው የባሏ ሥራ መጣና አደራ የምትሰጠው አጥታ እኛ ሀገር ይዛው መጣች።

«ካላፈሰሱትስ እትዬ?»

«እናት መንገድ ላይ ነው» አለች። «ገና መንገድ ላይ ነው።»

ያ ውሃ ሌላም ሥራ አለው አለችኝ። ሰው ሊሞት ሲያጣጥር ጠብታው በአፉ ከገባለት ነፍሱ ያርፋል። ደግሞም ለዘመናት ቢቀመጥ አይሸትም። የኛም ጠበል እኮ ይጠመቁታል፣ ይጠጡታል፣ ለሚያጣጥር ይረጩታል። ይህ ያኔ አልታየኝም? ታየኝ። ስለታየኝ ነው የባሰ የጠላኋት።

እንግዲህ ወደ በደሌ።

አንድ ቀን አልጋነሽ ወንፊት ልትዋስ መጥታ ደጅ ቆማለች። እኔ ጥጉን ስጠርግ ገንቦዋን ብድግ አደረግኋት፤ ከሥሯ አቧራ ነበር። ካማላ ከጓዳ ወጥታ አየችኝና «አንተ አይነካም» ብላ ጮኸች። ከእጄ ነጥቃ ገንቦዋን በውጭ በኩል አጠበቻት። እጇን ታጠበች። ከዚያ የቆምኩበትን ወለል በውሃ አበሰች፤ እኔ ገና ቆሜበት ሳለሁ። አልጋነሽ ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች፤ ከወንፊት የሚሻል ነገር አግኝታለቻ።

በማግስቱ ምንጭ ወረድኩ። አልጋነሽ፣

«ጥሩነሽ፣ እባክሽ ወደ ምንጩ ቀረብ አትበይ» አለች። «ኋላ ውሃውን ማጠብ ሊኖርብን ነው።»

እንዴት እንደሳቁ። አንዷ እንስራዋን እስክታስቀምጥ ድረስ። «ክርስቲያኗን እንደ ውሻ» አለች ሌላዋ፤ «አንቺም ዝም አልሽ?» እንስራዬን በግማሹ ሞልቼ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ፊቴ ይነድ ነበር።

እሑድ መምሬን፣ የነፍስ አባቴን፣ በቅጽሩ በር አግኝቼ «አባ፣ በነሱ ቤት መሥራት ያረክሰኛል?» አልኳቸው። «ሥራ አያረክስም ልጄ። የምትበይበትን ዕቃ ለይተሽ ያዢ፣ ጠበል እርጪበት። ለነሱም ጸልዪላቸው» አሉኝ። ልብ በል፤ ጸልዪላቸው ነው ያሉኝ። እሳቸው ላይ የማላክከው ነገር የለኝም። ከቃላቸው ሁሉ የወሰድኩት ጠበል የሚለውን ብቻ ነው።

ካማላና ባሏ ገበያ ወጡ። የሚካኤልን ጠበል በቅል ቀድቼ አስቀምጬ ነበር። ቢላ አሙቄ ሰሙን ሳልሰብር አነሣሁት። ጨርቁን ፈታሁ። ውሃውን ወደ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት፤ እንባ ይመስል ነበር። አሸተትኩት፤ ሽታ የለውም። ከባሕር ማዶ ተሻግሮ፣ በመርከብ ተንገላቶ፣ በንፋስ መውጫ ክረምትና በጋ ተቀምጦ እንባ ይመስል ነበር። አልደነገጥኩም? ደነገጥኩ። እጄን መለሰልኝ? አልመለሰልኝም። ጓሮ ወጥቼ አመድ ማፍሰሻው ላይ ደፋሁት። ገንቦዋን በጠበሉ ሞላሁ፣ አሰርኩ፣ አባቴ ባስተማሩኝ እጅ ሰሙን መልሼ አሸግሁ። ማንም አያውቀውም። እኔ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ብገልጥ አላውቀውም ነበር።

ጠበል የነካው ጋኔን ይጮኻል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷም ትጮኻለች ብዬ በማግስቱ ከበሩ ኋላ ቆምኩ። መጣች። አበባዋን አስቀመጠች፣ መብራቱን አዞረች፣ ዝግ ባለ ድምፅ ዘመረች፣ ግንባሯን መሬት አስነካች። አልጮኸችም። ቀና ስትል ፊቷ የቆረበ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ምንጭ ወርጄ ለነአልጋነሽ ነገርኳቸው፤ «ሳታውቀው ለሚካኤል እየሰገደች ነው» አልኳቸው። ሳቁና ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙኝ። ከውሻነት ወጣሁ። ዋጋው ይህ ነበር።

ከዚያ ተስቦ ገባ። መምህሩን ጣላቸው። ድሬሰሩ መጥቶ መርፌ ወጋቸው፤ ደግሞ መጣ፤ በኋላ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። አንድ ረፋድ ላይ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ካማላ ተነሥታ ወደ ጥጉ ሄደች። ገንቦዋን አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘቻት። ምን እያሰበች እንደነበር ገባኝ። ያ ውሃ የእናቷ ነው። ለባሏ ከከፈተችው የእናቷ ስለት ይጎድላል፤ ካልከፈተችው ባሏ ደረቅ አፉን ይዞ ይሄዳል። ያ ውሃ እኮ አመዱ ላይ ከደፋሁት ቆይቷል፤ እሷ ግን ከሁለቱ ነፍስ የማንኛው ይሁን እያለች ትመዝናለች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ከሷ አንድ ክንድ ያህል እርቄ።

«እናት ይጠብቅ» አለች። ሰሙን በጥፍሯ ሰበረችው።

አሁን ከአንተ የደበቅሁትን ልንገርህ። ጠበሉን ከምንጩ አፍ አልቀዳሁትም። እዚያ ወረፋ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅም ነበር። ከታች፣ በሽተኞች ተጠምቀውበት ከሚወርደው ጅረት ቀዳሁት፤ ቅጠል ከሚበሰብስበት። ለነፍሷ አስቤ ቢሆን ከዚያ እቀዳ ነበር? ጠበልን ያከበርኩ ብሆን ከዚያ እቀዳ ነበር? እንግዲህ ሃይማኖት ነበር እንዳትለኝ።

ጨርቁ ሲፈታ ቤቱ ሸተተ። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። መምህሩ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ካማላ ወደ ገንቦዋ ተመለከተች፣ ወደ ባሏ ተመለከተች። አልጮኸችም። እኔ ያኔ ስጠብቀው የነበረው ጩኸት ነበር፤ ብትጮኽ በተሻለ ነበር።

«ጋንጋ አይሸትም» አለች። «መቼም አይሸትም።» ገንቦዋን አስቀመጠችና፣ «እኔ ነው የሸተተ» አለች።

በልብሷ ጫፍ ከንፈራቸውን አበሰችላቸው። የተከፈተው አፋቸው ሳይከደን ሞቱ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ደብድባ ታባርረኝ ነበር፤ ባሏን ከሞት አልመልስላት። ግን ከራሷ ላይ ያ ነገር ይነሣላት ነበር። ዝም አልኩ። እኔ ዝም አልኩ።

የተማሪ ቤቱ ሰዎች አስከሬኑን ጎንደር የሚያደርስ መኪና አመጡ። ካማላ ልትወጣ ስትል ጠራችኝ። ገንቦዋን በእጇ አቀበለችኝ፤ እኔው እንድደፋው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እግሬን ያዘች።

«ጥሩነሽ፣ አንተን ውሻ አደረግሁ» አለች። «ለዚህ ነው ውሃ የሸተተ። አንተ እኔን ይቅር በል።»

የኔን በደል ከራሷ ኃጢአት ላይ ፈልጋ አገኘችው። እኔ የሠራሁትን እሷ ንስሐ ገባችበት። እግሬ ሥር ተቀምጣ። አልጋነሽ ደጅ ቆማ ታያለች። እኔስ ምን አልኩ?

«ይቅር ብዬዎታለሁ እትዬ» አልኩ።

አልኩ። እጄን ራሷ ላይ አድርጌ እንደ ካህን ይቅር አልኳት። ውሃውን ከደፋሁበት ቀን ይልቅ ይህ ቃል ነው የሚገድለኝ። ውሃውን የደፋው ቁጣዬ ነው፤ ያንን ቃል የተናገርኩት ግን ረጋ ብዬ ነው። መኪናው ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ሲወርድ የሸተተውን ውሃ የፊተኛውን በደፋሁበት አመድ ላይ ደፋሁት። ገንቦዋን ለአልጋነሽ ሰጠኋት። ምን እንዳደረገችባት አልጠየቅሁም።

ካማላ ወዴት ሄደች? ወደ ሀገሯ ተመለሰች አሉ። መቅደሱ ሄዳ ይሆን? እንደ እናቷ ከአሸዋው ጀምራ ስለቱን ደግማው ይሆን? ወይስ የሸተተ ሰው ደጁን አይረግጥም ብላ ቀርታ ይሆን? ይህን ነው በየደብሩ በር ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው። ሰዎች እንባዬን አይተው ለሥላሴ የማለቅስ ይመስላቸዋል።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ልጆቼ ልጅ ካዩ በኋላ፣ ለአንዲት የተኛች ጎረቤቴ ከሩቅ ገዳም ጠበል ይዤላት ስመለስ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ መሸብኝና አንድ ቤት አሳድሩኝ ብዬ ገባሁ። ባለቤቲቱ ደግ ሴት ናት፤ እግሬን አጠበችኝ። ጀሪካኗን ከእሳቱ ላርቅልዎ ብላ ልታነሣት እጇን ስትዘረጋ «አትንኪው» ብዬ ጮኽሁባት። ጀሪካኗን ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ሴትዮዋ ወደ ኋላ አለች። ፊቷን አየሁት፤ ምን በደልኩ የሚል ፊት ነበር። ከአፌ የወጣው የካማላ ድምፅ ነበር። ያኔ ካማላ እኔን አልጠላችም ነበር ማለት ነው። ፈርታ ነበር። የተሸከመችው የእናቷ ነፍስ ነበርና ጮኸች፣ ያ ብቻ። ይህን ለማወቅ ጠጉሬ መሸበት ነበረበት?

አሁን ይቅርታ ልለምን? ማንን? የበደልኩት እሷን ነው፤ እሷ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ብትኖርስ በየትኛው ፊቴ? የሷን ይቅርታ እኮ ያኔ ወስጄዋለሁ፤ እግሬ ሥር አስቀምጬ፣ እንደ መብቴ። ከእንግዲህ የምለምነው የለኝም። ልጅ እግር ነበርኩ አልልም። አላወቅሁም አልልም። ሴቶቹ ስቀውብኝ ነው አልልም። ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ብቻ ልበል፤ ማንም ይስማው፣ አንተ ስማው።

እትዬ ካማላ፣ ውሃዎ አልሸተተም። እኔ ነኝ የደፋሁት። የሸተተው እኔ ከጅረቱ ቀድቼ እኔ በእጄ ያሸግሁት ነው። እናትዎ መንገድ ላይ የቀሩት በኔ ነው፤ መምህሩም አፋቸውን ከፍተው የሄዱት በኔ ነው። እርስዎ ምንም አላደረጉም።